የቫን ጎግ የማዕበል ስዕል፦ ከስርቆት እስከ ጥገና (የጉዳይ ጥናት)

መነሻ

ስለ ተሰረቀ ስዕል ሲወራ ወሬው ቶሎ ወደ ሌቦቹ ይሄዳል። ስለ መሰላሉ፣ ስለ ገመዱ፣ ስለፈጀው ደቂቃ ይነገራል። ስዕሉ ግን ይረሳል። የት ተቀመጠ? ምን ነካው? ሲገኝስ እሱ ራሱ መሆኑ በምን ታወቀ? ይህን ጉዳይ የመረጥኩት ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ስላለው ነው። ብዙ የተሰረቁ ሥራዎች መጨረሻቸው አይታወቅም። የዚህኛው ታሪክ ግን ከተሳለበት ቀን ጀምሮ እስከ ተጠገነበት ድረስ መከተል ይቻላል።

ስዕሉ የኔዘርላንዱ ሠዓሊ ቪንሰንት ቫን ጎግ በ1882 የሣለው፣ በዘ ሄግ ከተማ ዳር ያለው የስኬቬኒንገን ባሕር እይታ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ሌቦቹን፣ ገዢውን፣ መርማሪዎቹንና የጥገና ባለሙያዎቹን በስም አልጠራም። ለጉዳዩ ስማቸው አያስፈልገንም።

ዳራ፦ ባሕሩና ሠዓሊው

ኔዘርላንድ እንጀራዋም ስጋቷም ከባሕር የሆነ አገር ናት። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መርከቦቿ ዓለምን ሲዞሩ፣ ሠዓሊዎቿ ባሕርና መርከብ መሣልን ራሱን የቻለ ሙያ አደረጉት። የሃርለሙ ሄንድሪክ ቭሮም ከፈር ቀዳጆቹ አንዱ ነው። ሉዶልፍ ባክሃውዘን ደግሞ የማዕበሉን ቁጣ በዓይኑ ለማየት በአስቸጋሪ አየር በጀልባ ይወጣ እንደነበር ይነገርለታል። የእነዚህን ሰዎች ስዕሎች ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ሰማዩ የስዕሉን ትልቁን ክፍል ይይዛል። የባሕሩና የሰማዩ መገናኛ መስመር ዝቅ ይላል። በመሃል አንድ ጀልባ በአንድ ጎኗ ተጋድማ ከነፋሱ ጋር ትታገላለች።

ይህ ወግ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በዘ ሄግ ከተማ እንደገና አበበ። ሠዓሊው ሄንድሪክ ዊለም ሜስዳግ በ1881 የስኬቬኒንገንን ዳርቻ ዙሪያውን የሚያሳይ ፓኖራማ፣ ማለትም ተመልካቹን የሚከብብ ግዙፍ ስዕል፣ አጠናቀቀ። ቁመቱ 14 ሜትር፣ ዙሪያው 120 ሜትር ገደማ ነው። ዛሬም በቦታው ይታያል።

ቫን ጎግ በዚያን ጊዜ ዘ ሄግ ይኖር ነበር። በ1882 ክረምት ዕድሜው 29 ነው። በእርሳስና በውሃ ቀለም ብዙ ሠርቷል፤ የዘይት ቀለም ላይ ግን ገና ጀማሪ ነው። ወንድሙ ቴዎ በሰጠው ገንዘብ ቀለም ገዝቶ፣ በነሐሴ ወር እቃውን ተሸክሞ ወደ ባሕሩ ዳር ወረደ።

ስኬቬኒንገን ያኔ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረች። ወደብ አልነበራትም። ወደቡ የተከፈተው በ1904 ነው። ስለዚህ ጀልባዎቹ ሆዳቸው ጠፍጣፋ ሆኖ ይሠሩ ነበር፤ በቀጥታ አሸዋው ላይ ይወጣሉ፣ በፈረስም ይጎተታሉ። ማዕበል ሲመጣ መጠለያ የላቸውም። ባሏ ወይም ልጇ ባሕር ላይ ያለ ሴት ዳርቻው ላይ ቆማ ትጠብቃለች። በስዕሉ ላይ ከጀልባው አጠገብ ተሰብስበው የሚታዩት ሰዎች ለጌጥ የተጨመሩ አይደሉም። ያ የመንደሩ የዕለት ኑሮ ነው።

ቫን ጎግ ስለዚያ ሳምንት ለቴዎ የጻፈው ደብዳቤ አለ። በማዕበሉ ጊዜ የባሕሩ ቀለም የእቃ እጣቢ ይመስል እንደነበር ይነግረዋል። ነፋሱ በርትቶ ነበር። በእግሩ መቆም አቃተው፤ የሚበተነው አሸዋም ዓይኑን ሸፈነው። አሸዋው እርጥቡ ቀለም ላይ እየተለጠፈ ስላስቸገረው መፋቅ ነበረበት። ከአሸዋው ክምር ጀርባ ወዳለች ትንሽ ማረፊያ ቤት ገባ። የሣለውን ፍቆ እዚያው እንደገና ሣለ። በየመሃሉ እየወጣ ባሕሩን አይቶ ይመለሳል።

ዛሬም የአሸዋው ቅንጣቶች ቀለሙ ውስጥ ናቸው። በእኔ እምነት ስዕሉን ልዩ የሚያደርገው ይህ ነው። ከእሱ በፊት የነበሩት አብዛኞቹ ሠዓሊዎች ማዕበሉን አይተው፣ ወደ ቤታቸው ተመልሰው በጸጥታ ይሥሉ ነበር። እዚህ ግን ማዕበሉ ራሱ ስዕሉ ውስጥ ገብቷል። ደግሞም ቫን ጎግ በኔዘርላንድ ሳለ ከሣላቸው የባሕር ስዕሎች የቀሩት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ይህ አንዱ ነው። በአምስተርዳሙ የቫን ጎግ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ የዘ ሄግ ዘመኑን የሚወክል ሌላ የዘይት ቀለም ስዕል የለም። ትንሽ ስዕል ናት፤ ወርዷ 50 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፣ በብብት ተይዛ ትሄዳለች።

ችግሩ

ታኅሣሥ 7 ቀን 2002 በማለዳ፣ ሙዚየሙ ከመከፈቱ በፊት፣ ሁለት ሰዎች በመሰላል ጣሪያ ላይ ወጡ። በመዶሻ መስኮት ሰብረው ገቡ። ሁለት ስዕሎች ከግድግዳው አንስተው በገመድ ወረዱ። አንዱ በኋላ እንደተናገረው ሁሉም ነገር የፈጀው ከ4 ደቂቃ በታች ነው።

ሁለተኛው ስዕል ምእመናን ኑነን ከምትባል የኔዘርላንድ መንደር ቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ያሳያል። ቫን ጎግ በ1884 መጀመሪያ እግሯ ተሰብሮ ለተኛችው እናቱ የሣለው ነው። ቤተ ክርስቲያኑ አባቱ ያገለግሉበት የነበረው ነው። በ1885 አባቱ ሲሞቱ ወደ ስዕሉ ተመልሶ ኀዘን የለበሱ ሴቶች ጨመረበት። ከገንዘብ አንጻር ሲታይ ሁለቱም ከሙዚየሙ ታላላቅ ሥራዎች ተርታ አይደሉም። ሌባው እንዳለው መጀመሪያ ያሰበው ከእነዚህ የገነኑትን ነበር። እነዚያ ግን ወይ ጥበቃቸው ከበደው፣ ወይ በቀዳዳው አልወጣ አሉት። የተወሰዱት ለመያዝ የቀለሉት ናቸው።

የባሕሩን ስዕል ከሁሉ በላይ የጎዳው ያ ማለዳ ነው። ሌባው በገመዱ ሲወርድ መሬቱን በኃይል መታ፤ ስዕሉም አብሮት ተመታ። የታችኛው ግራ ጥግ ተሰበረ። ርዝመቱ 5፣ ስፋቱ 2 ሴንቲሜትር ገደማ የሚሆን ቀለም ተፈረፈረ። ሌባው የተረፈውን ፍርፋሪ ሽንት ቤት እንደጨመረው፣ ፍሬሞቹንም ቦይ ውስጥ እንደጣላቸው በኋላ ተናግሯል። ይህን ሳነብ በጣም አዝኛለሁ። 120 ዓመት የቆየ ቀለም፣ ከነአሸዋው፣ በአንድ ማለዳ ቆሻሻ ሆነ።

የተወሰዱ እርምጃዎች

የመጀመሪያው እርምጃ ማንቂያው ነው። ደወሉ ጮኸ። ጠባቂዎቹም ፖሊስ ጠሩ። ግን መመሪያቸው ከሌቦች ጋር እንዲጋጠሙ አይፈቅድላቸውም ነበር። ፖሊስ ሲደርስ ሰዎቹ ሄደዋል። በጠባቂዎቹ አልፈርድም፤ የሰው ሕይወት ከስዕል ይበልጣል። ነገር ግን እንዲህ ያለ መመሪያ ካለ፣ ሌባውን ማዘግየት ያለበት ሕንጻው ነው። መስታወቱ፣ ጣሪያው፣ ስዕሉ ከግድግዳ ጋር የተያያዘበት ብረት ሁሉ የፖሊስን የመንገድ ጊዜ ያህል መታገሥ አለባቸው። ያን ቀን አልታገሡም።

ሁለተኛው የወንጀል ምርመራው ነው። ሌባው ሲወርድ ኮፍያው ወድቆ ቀርቶ ነበር። ከኮፍያው የተገኘው ዲኤንኤ መርማሪዎቹን ረዳ፤ ሁለቱም ሰዎች በ2003 ተያዙ፤ አንዱ የተያዘው ስፔን ውስጥ ነው። በ2004 ፍርድ ቤት አንዱን በአራት ዓመት ከመንፈቅ፣ ሌላውን በአራት ዓመት እስራት ቀጣ። እነሱ ግን አናውቅም ብለው ጸኑ። ስዕሎቹ የት እንዳሉ አልተናገሩም።

ሦስተኛው ሽልማት ነው። ስዕሎቹ ያሉበትን ለጠቆመ 100,000 ዩሮ እንደሚሰጥ ተነገረ። የአሜሪካው ኤፍ ቢ አይም ጉዳዩን በዓለም ካሉ ዋና ዋና የጥበብ ወንጀሎች ዝርዝር ውስጥ አስገባው። ከዚያ በኋላ ዓመታት በዝምታ አለፉ።

ያልሠራው፣ ለምን እንዳልሠራ

ሌቦቹ መቀጣታቸው ስዕሉን አላመጣውም። ሲያዙ ስዕሉ ከእጃቸው ወጥቷል። ታሪኩ በኋላ ሲገለጥ እንዲህ ሆነ። ሌባው መጀመሪያ ሊሸጥላቸው ካሰባቸው ሰዎች አንዱ በአምስተርዳም የታወቀ ወንጀለኛ ነበር፤ ሳይገናኙ ሰውየው ተገደለ። ከዚያ ከተማዋ ውስጥ የሚሠራ አንድ ጣሊያናዊ ተገኘ። ይህ ሰው ከኔፕልስ የካሞራ ማፊያ ጋር የተሳሰረ የኮኬይን ነጋዴ ነው። በ2003 ሁለቱን ስዕሎች 350,000 ዩሮ ገደማ ከፍሎ ወሰዳቸው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ቁጥሮቹን እንያቸው። ሽልማቱ 100,000 ዩሮ ነው። የጨለማው ገበያ ዋጋ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ሽልማቱን ሊፈልግ የሚችለው መረጃ የሰማ ሦስተኛ ሰው እንጂ ስዕሉን የያዘው አይደለም። በዚያ ዓለም ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያለ ሰው ተናግሮ በሰላም አያድርም። ስለዚህ ሽልማቱ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም፤ ግን ከዚያ ብዙ መጠበቅ አይገባም።

በሌላ በኩል 350,000 ዩሮ ራሱ ከስዕሎቹ እውነተኛ ዋጋ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። የሚሊዮኖች ሥራ ለምን በዚህ ተሸጠ? የታወቀ ሥራ ሲሰረቅ ገበያው ይዘጋል። ጨረታ ቤት አይወስደውም፣ ሙዚየም አይገዛውም፣ ሰብሳቢ ሳሎኑ ላይ አይሰቅለውም። ለገዢው የቀረለት አንድ ጥቅም ብቻ ነው፦ አንድ ቀን ችግር ሲገጥመው ከመንግሥት ጋር መደራደሪያ ማድረግ። ስዕሉ መያዣ ሆነ። ለዚህ ነው ሳይቃጠል፣ ሳይቀደድ የቆየው። ለዚህም ነው ያዡ እስኪጨነቅ ድረስ ያልወጣው።

የሠራው

መፍትሔው የመጣው ማንም የስዕል ጉዳይ ብሎ ካልያዘው ምርመራ ነው። የኔፕልስ ዓቃብያነ ሕግና የጣሊያን የፋይናንስ ፖሊስ የኮኬይኑን ገንዘብ ይከታተሉ ነበር። ቤት፣ ሂሳብ፣ ንብረት እየለዩ ይወርሳሉ። በ2016 መጀመሪያ ሰዎች ተያዙ፤ ከተያዙት አንዱ ስለ ስዕሎቹ አወራ። ስዕሎቹን የገዛው አለቃ ራሱ ያኔ ዱባይ ነበር። በዚያው ዓመት ለዓቃቤ ሕጉ በጻፈው ደብዳቤ ስዕሎቹ እሱ ዘንድ መሆናቸውን አመነ። ፖሊስ ከኔፕልስ አጠገብ ባለችው ካስቴላማሬ ዲ ስታቢያ፣ ከቤተሰቡ ጋር የተያያዘ ቤት ፈተሸ። ስዕሎቹ በጨርቅ ተጠቅልለው ከተደበቁበት ወጡ። መስከረም 30 ቀን 2016 ለዓለም ተነገረ። ወደ 14 ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ነው።

እንግዲህ ሥራውን የሠራው ገንዘቡን መከተል ነው። ስዕሉን በቀጥታ የፈለጉት ሰዎች አላገኙትም። ያዡን ያስጨነቁት አገኙት።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ እውነተኛዎቹ ናቸው ወይ የሚል ነው። የሙዚየሙ ባለሙያ ኔፕልስ ሄዶ መረመራቸው። የታሪካቸውን ሰነድ፣ የአሠራራቸውን ምልክትና የተሠሩበትን ቁስ በሙዚየሙ ካለው መዝገብ ጋር አመሳከረ። እነሱ ናቸው ብሎ አረጋገጠ። አስመሳይ ሠዓሊ የቫን ጎግን የብሩሽ አጣጣል ሊኮርጅ ይችል ይሆናል። እያንዳንዱ ስንጥቅ፣ እያንዳንዱ የቀለም ጉብታ ያለበትን ቦታ ግን መኮረጅ አይችልም። ይህ የሚጠቅመው ግን አስቀድሞ የመዘገበው ሰው ካለ ነው።

በጣሊያን የሕግ ሂደቱ እስኪያልቅ ጥቂት ወራት ወሰደ። ስዕሎቹ በየካቲት 2017 ኔፕልስ በሚገኘው የካፖዲሞንቴ ሙዚየም ለሕዝብ ታዩ። በመጋቢት 2017 አምስተርዳም ገቡ፤ ሙዚየሙም ጉዳታቸው ሳይጠገን እንዳሉ አሳያቸው። ይህን ውሳኔ እደግፋለሁ። ሕዝቡ የስርቆትን ዋጋ በዓይኑ አየ። የተሰበረውን ጥግ አሳምሮ ማቅረብ ቀላሉ መንገድ ነበር።

ጥገናው

ከግንቦት 2017 በኋላ ስዕሎቹ ወደ ጥገና ክፍል ገቡ። ተመልሰው የተሰቀሉት በሚያዝያ 2019 ነው። ወደ ሁለት ዓመት መፍጀቱ ቸልተኝነት አይደለም።

የባሕሩ ስዕል ሁለት ዓይነት ችግር ነበረበት። አንዱ አዲሱ ስብራት ነው። ሌላው የቆየ ነው፦ ከስርቆቱ ዘመናት በፊት ሌሎች ሰዎች የቀቡት ቫርኒሽ (ስዕልን ለመከላከል የሚቀባ አንጸባራቂ ሽፋን) እና የነካኩት ቀለም። ቫርኒሽ ሲያረጅ ይቢጫል። በተለይ ግራጫና ነጭ የበዛበትን ስዕል ይጎዳዋል። የማዕበል ሰማይ ቀዝቃዛ ነው፤ ቢጫ ሲጋርደው የሞቀ ምሽት ይመስላል። አረፋውም ንጣቱን ያጣል። ባለሙያዎቹ ይህን ሽፋን አነሱ። የቫን ጎግ ግራጫ ሰማይና ነጭ አረፋ ተመለሱ።

በዚህ ሥራ ላይ አሸዋው ራሱን የቻለ ፈተና ነው። አሮጌ ሽፋን የሚያነሳ እጅ የአሸዋ ቅንጣትንም እንደ ቆሻሻ ሊያነሳ ይችላል። ደብዳቤውን ላላነበበ ሰው ቅንጣቱ ጉድፍ ነው። ላነበበው ግን የሥራው አካል ነው። የጥገና ባለሙያ የሠዓሊውን ደብዳቤ የማንበብ ግዴታ አለበት የምለው ለዚህ ነው።

የጎደለው ጥግ ተሞላ፤ ከአካባቢው ጋር እንዲስማማም በቀለም ተዋሃደ። እውነተኛው ቀለም ግን አልተመለሰም፤ አይመለስምም። ጥጉ እንዴት ይመስል እንደነበር የሚናገሩት ከስርቆቱ በፊት የተነሱ ፎቶዎች ናቸው።

ለሌላ ጉዳይ የሚተርፍ ትምህርት

ከሁሉ በላይ አጥብቄ የምይዘው ምዝገባውን ነው። ፎቶ ሲባል ብዙ ቦታ ከፊት አንድ ጊዜ ማንሳት በቂ ይመስላል። አይበቃም። ጀርባው፣ አራቱ ጥጎች፣ ስንጥቆቹ፣ የተጠገኑ ቦታዎች፣ በጎን ብርሃን የሚታየው የቀለም ጉብታ ሁሉ መነሳት አለባቸው። መዝገቡም ከዕቃው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ መቀመጥ የለበትም። ሦስት ሥራ ይሠራል፦ ሲጠፋ ይፈልጉበታል፣ ሲገኝ ይለዩበታል፣ ሲጎዳ ይጠግኑበታል።

ይህ ለእኛም ቅርብ ነገር ነው። ከላሊበላ በ1997 የተሰረቀው አፍሮ አይገባ መስቀል ቤልጂየም ተገኝቶ በ2001 ሲመለስ፣ በዓለም የታወቀና ፎቶው ያለ መሆኑ ትልቅ ጥቅም ነበረው። በየገጠሩ ዕቃ ቤት ያሉት መስቀሎች፣ የብራና መጻሕፍትና የገበታ ስዕሎች ግን አብዛኞቹ እንዲህ አይታወቁም። አንዱ ቢጠፋ የእኛ ነው ብሎ ለመከራከር እንኳ የሚያሳዩት ይቸግራል። ዛሬ አንድ ዲያቆን ባለው ስልክ፣ በጎን ብርሃንና ማስመሪያ አጠገብ አስቀምጦ ቢያነሳቸው፣ ኮፒውንም ለሀገረ ስብከቱ ቢልክ፣ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ መድኅን ነው።

ጥበቃን በተመለከተ ትኩረቱ ብዙ ጊዜ በገነኑት ሥራዎች ላይ ይሆናል። ሌባ ግን የሚወስደው የሚቀለውን ነው። ትንሽ፣ በእጅ የሚያዝና ከጥበቃው ዳር ያለ ዕቃ ይበልጥ አደጋ ላይ ነው።

ለመርማሪዎች ደግሞ የስዕል ስርቆትን ከሌላው ወንጀል ለይቶ ማየት አያዋጣም። ስዕሉ የሚያልፈው አደንዛዥ ዕፅና የቆሸሸ ገንዘብ በሚያልፉበት እጅ ነው። በ2016 የፈታው የገንዘብ ፖሊስ መሆኑ ድንገት አይመስለኝም። እርግጥ ይህ መንገድ አንድ አደጋ አለው። የያዘው ሰው ስዕሉን ሰጥቶ ቅጣት ማቅለያ ካገኘ፣ ሌላው ወንጀለኛም ለነገ ብሎ ስዕል መግዛት ይማራል። ዳኞች የሚሰጡት ምሕረት ልክ ሊኖረው ይገባል።

የመጨረሻው ስለ መመለሻ በር ነው። እዚያው ኔዘርላንድ ውስጥ የሆነ የራሳችን ታሪክ አለ። ከትግራይ፣ ከጨለቆት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን የጠፋ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ዘውድ ሮተርዳም ተገኘ። አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ በ1998 ቤቱ ባረፈ እንግዳ ሻንጣ ውስጥ አየው። አልለቅም ብሎ አስቀረው፤ ከ20 ዓመት በላይም ደብቆ ጠበቀው። የእሱ ምክንያት ከማፊያው ሰው ምክንያት ጋር አይነጻጸርም። እሱ የፈራው ቢመልሰው እንደገና እንዳይጠፋ ነው። ዘውዱ በየካቲት 2020 አገሩ የገባው የጠፉ ጥንታዊ ዕቃዎችን በመፈለግ የታወቀ ባለሙያና የኔዘርላንድ መንግሥት ሲገቡበት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ዛሬም በአምስተርዳም፣ በሮም ወይም በዋሽንግተን ሊኖር ይችላል። ኤምባሲዎችና የቅርስ ባለሥልጣኑ በግልጽ የሚታወቅ አንድ ስልክና አንድ ኃላፊ ይመድቡ። የመለሰው ሰው እንደማይጠረጠር፣ ዕቃውም ሲገባ በፎቶና በፊርማ እንደሚመዘገብ አስቀድሞ በጽሑፍ ይነገረው።